በኖፓ ቡና ማድረቂያ አጠገብ ኔቡላ ስለ ማንሳት

ፎቶ ማንሳት በኢትዮጵያ ከተሞች በአመዛኙ ፊት የማንሳት ሥራ ነው። ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ለፓስፖርት የሚጣደፈውና ክርስትና የተነሣው ሕፃን ሁሉም በቂ ብርሃን እስካገኙ ድረስ በሰከንድ መቶኛ ይያዛሉ፤ ዓይን የጨፈነ ካለም «አንዴ ይደገም» ይባላል። ከዚህ ልማድ ወጥቶ ኔቡላ ለማንሳት የተነሣ ሰው ግን ፊት የሌለውን፣ ፈገግ በል የማይባለውንና ሒሳብ የማይከፍለውን ነገር ደንበኛ አድርጎ ይዟል። ኔቡላ ማለት በከዋክብት መካከል የሚገኝ፣ አብዛኛው አካሉ ሃይድሮጅን የሆነ የጋዝና የደቃቅ አቧራ ደመና ነው፤ አንዳንዱ በአጠገቡ ባሉ ትኩስ ከዋክብት ጨረር ተቀስቅሶ ራሱ ያበራል፣ አንዳንዱ የጎረቤቱን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፣ አንዳንዱም ጥቁር ሆኖ ከበስተጀርባው ያለውን ሁሉ ይጋርዳል። የዚህ የሦስተኛው ዓይነት ጠባይ ለኢሉባቦር ሰው እንግዳ አይደለም፤ በኖፓና በመቱ ላይ የዓመቱን ትልቁን ክፍል የሚያንዣብበው ተራው የዝናብ ደመናም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። ስለዚህ በዚህ አገር አንዱን ደመና ለማንሳት አስቀድሞ የሌላውን ደመና ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ኖፓ በኦሮሚያ ክልል፣ በኢሉ አባ ቦር ዞን፣ በቢሎ ኖፓ ወረዳ የምትገኝ ስትሆን፣ የዞኑ ዋና ከተማ መቱ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አካባቢው ቡና በደን ጥላ ሥር በራሱ ጊዜ የሚበቅልበት አገር ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌርነት የመዘገበው የያዩ የቡና ደንም የሚገኘው በዚሁ ምድር ነው። የቀድሞው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ በመሆኗ፣ የሰማይ ፎቶ አንሺ ሊሰፍርባቸው ከሚገቡ የኢትዮጵያ ከተሞች ዝርዝር ውስጥ ስሟ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አይገኝም። ሆኖም ዝናቡ ሲያባራ የሚገለጠው ሰማይ ሌላ ቦታ በገንዘብ የማይገኝ ነው። አሜሪካዊው ትርፍ ጊዜ ተመልካች ጆን ቦርትል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መለኪያ የሌሊትን ጨለማ ከ1 እስከ 9 ደረጃ ሲሰጠው፣ 1 ፍጹም ጨለማ፣ 9 ደግሞ የትልቅ ከተማ መሐል ነው። እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለቱ የእንጦጦ ቴሌስኮፖች 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቢቀመጡም ከእግራቸው ሥር አዲስ አበባ መብራቷን አብርታ ታድራለች፤ ከኖፓ ደን ሥር የሚያበራው ግን የአንድ ዘበኛ የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ከተማው ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲያማርር በደስታ ወደ ውጭ የሚሮጥ ሰው ቢገኝ፣ እርሱ የኔቡላ ፎቶ አንሺው መሆኑን ያለ ተጨማሪ ማስረጃ መወሰን ይቻላል፤ ደስታው የሚቆየውም የካሜራውን ባትሪ ቻርጅ አለማድረጉን እስኪያስታውስ ነው።

ለጀማሪ የሚመከረው የኦሪዮን ኔቡላ ነው። ኦሪዮን በመጽሐፈ ኢዮብና በትንቢተ አሞጽ ስሙ የተጠራ የከዋክብት ስብስብ ሲሆን፣ በመቀነት መልክ ከተሰለፉት ሦስት ከዋክብቱ ሥር ሰይፍ መስለው የሚወርዱ ደብዛዛ ነጥቦች ይታያሉ፤ ከእነዚህ መካከለኛው ኮከብ ሳይሆን ኔቡላው ነው። ከምድር 1340 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ይህም ማለት ዛሬ ሌሊት ሌንስ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከዚያ የተነሣው የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ማተም ካቆሙ ብዙም ሳይቆይ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያለ እንቅፋት ተጉዞ የመጨረሻዋ የአንድ ቅጽበት መንገድ ስትቀረው የጎረቤት ማድቤት ጭስ ውስጥ ገብቶ የሚቀረው ብርሃን ሊታዘንለት ይገባል። ኔቡላው በፈረንሳዊው ቻርልስ ሜሲዬ ዝርዝር 42ኛው ስለሆነ ኤም 42 ይባላል። ሜሲዬ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ጅራታም ከዋክብት ሲፈልግ እያደናገሩ ጊዜውን የሚያባክኑበትን ነገሮች ለይቶ ለመተው ነበር፤ እንግዲህ በመላው ዓለም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንቅልፋቸውን የሚያጡት እርሱ አትድከሙበት ብሎ በጻፈው ላይ ነው። በአንጻሩ የቦረና ኦሮሞ ዘመን ቆጣሪዎች፣ አያንቱ የሚባሉት፣ ይህን የሰማይ ክፍል ለቁም ነገር አውለውታል፤ ወራቱን የሚያሰሉት ጨረቃ ከሰባት የከዋክብት ምልክቶች ጋር በምትገናኝበት ሁኔታ ሲሆን፣ ከሰባቱ አንዱ የሆነው አርብ ጋዱ የኦሪዮን መሐል መሆኑን አጥኚዎች ጽፈዋል።

ወቅቱም ለኢሉባቦር የተመቸ ነው። ኔቡላው በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት በሌሊቱ እኩሌታ ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል። ሰዓቱ ግን እንደ አገሩ ሰዓት ልክ ስድስት ሳይሆን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ሲሆን መቱ ከዚያ በዘጠኝ ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ስለምትገኝ፣ ፀሐይም ከዋክብትም ወደዚህ አገር የሚደርሱት ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይተው ነው። ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ አራት ደቂቃ እየቀደመ ጥምቀት ሲደርስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ጥር ሲያልቅ ደግሞ ሦስት ሰዓት ገደማ አናት ላይ ይሆናል። አናት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ማጋነን የለበትም፤ ኖፓ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስምንት ዲግሪ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ኔቡላው ከተመልካቹ ራስ ቀጥታ ወደ ደቡብ የሚያዘነብለው በ14 ዲግሪ ብቻ ነው። ለንደን ላይ ይኸው ኔቡላ ከአድማስ ከ33 ዲግሪ በላይ አይወጣም። የኖፓ ሰው ለዚህ ዕድሉ የሚከፍለው በአንገቱ ነው።

ቦታ መምረጥ ግን ሰማይ ከመምረጥ ይከብዳል። ደን ውስጥ የሚኖር ሕዝብ ከላዩ የሚያየው ሰማይ በዋንዛና በቀረሮ ቅርንጫፎች መካከል የተረፈውን ነው። ወለል ብሎ የተከፈተ ሰማይ ያለው በትምህርት ቤት ሜዳ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና፣ ከሁሉም በላይ፣ በቡና ማድረቂያ ነው። በታኅሣሥና በጥር የተለቀመው ቡና ከመሬት ከፍ ባሉ የሽቦና የእንጨት አልጋዎች ላይ ተዘርግቶ ይውላል፤ ፀሐይ እንዳይከለል ሲባል ዙሪያው የተመነጠረ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ጤዛ እንዳይነካው በላስቲክ ይሸፈናል፣ ላስቲኩንም ቡናውንም የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። የሰማይ ፎቶ አንሺና የቡና ማድረቂያ ዘበኛ አንድ ዓይነት ስጋት ይዘው የሚያድሩ ብቸኛ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ደመና ይፈራሉ፣ ሁለቱም ጤዛ ይጠላሉ፣ ሁለቱም ሰማዩን በየሩብ ሰዓቱ ቀና ብለው ያያሉ። መተዋወቃቸው ግን ጊዜ ይወስዳል። በሌሊት፣ ሦስት እግር ባለው ብረት ላይ ረዘም ያለ ቱቦ ደቅኖ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ መብራት አስሮ የሚቆም ሰው በየትኛውም ቀበሌ ያለ ጥያቄ አያልፍም። መብራቱ ቀይ የሆነው ጨለማ የለመደ ዓይን በነጭ ብርሃን ከተመታ እንደገና ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ ነው፤ ይህ ማብራሪያ ሳይንሳዊ ቢሆንም ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ለሚሊሻ ሲነገር ብዙም አያሳምንም።

የዘበኛው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ልጄ፣ ጨረቃዋን ልታነሳ ነው?» የሚል ሲሆን፣ ትክክለኛው መልስ «የለም ጋሼ፣ ጨረቃዋ እስክትገባ እየጠበቅሁ ነው» የሚል ነው። ጨረቃ ባለችበት ሰማዩ ስለሚነጣ ደብዛዛው ኔቡላ ይዋጣል፤ ስለዚህ አገር ሁሉ የሚወዳት ሙሉ ጨረቃ በዚህ ሙያ ዘንድ የተጠላች ናት። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ማጉላት ነው። ሰው ሁሉ ኔቡላ የማይታየው ትንሽ ስለሆነ ይመስለዋል፤ እንዲያውም የኦሪዮን ኔቡላ በሰማይ ላይ የያዘው ስፋት የሙሉ ጨረቃን ሁለት እጥፍ ያህላል። ችግሩ ድብዘዛው ነው። በዚህ የተነሣ የሚያስፈልገው ብዙ የሚያጎላ መሣሪያ ሳይሆን ብዙ ብርሃን የሚሰበስብ ትዕግሥት ነው፤ አንድ መደበኛ ካሜራና 135 ወይም 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለመጀመር ይበቃሉ።

ብርሃኑን ለመሰብሰብ ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ መቆየት አለበት፣ ምድር ግን አትቆምለትም። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ከዋክብት በምስሉ ላይ እየተሳቡ ጭረት ይሆናሉ። የቆየ የልምድ ስሌት 500ን በሌንሱ የትኩረት ርዝመት አካፍል ይላል፤ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 10 ሰከንድ፣ በ200 ሚሊ ሜትር ደግሞ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይፈቀዳል፣ የዛሬዎቹ ካሜራዎች ዝርዝር አሳዪነትም ይህን እንኳ ያሳጥረዋል። ከዚህ ለማለፍ የምድርን መዞር በተቃራኒው እየተከተለ ካሜራውን የሚያዞር ሞተር ያለው ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ በሙያው አነጋገር ኢኳቶሪያል ማውንት፣ ትንሹም ስታር ትራከር ይባላል። ማቆሚያው በትክክል የሚሠራው የሚዞርበት ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሲሆን ነው፣ ይህን ለማስተካከል ደግሞ የመመሪያው መጽሐፍ በመጀመሪያ ገጹ ላይ በቀላል አነጋገር የሰሜን ኮከብን ፈልግ ይላል።

መመሪያውን የጻፈው ሰው ኖፓን አያውቃትም። የሰሜን ኮከብ፣ ማለትም ፖላሪስ፣ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ከተመልካቹ ኬክሮስ ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ ለንደን ላይ ከ51 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ይታያል፣ ኖፓ ላይ ግን ስምንት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የተዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ ያለ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ስለሚሸፍን፣ በኢሉባቦር የሰሜን ኮከብ ከአንድ ጭብጥ በታች፣ ከኮረብታው በስተጀርባና ከቀረሮው ግንድ መካከል የሆነ ቦታ ነው ያለው። ዛፉን መቁረጥ በደን ሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ከዛፉ በስተኋላ ሌላ ዛፍ ስላለ ጥቅም የለውም። ችግሩ በዚህ አያበቃም፤ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰማይ የተሠሩ አንዳንድ ማቆሚያዎች ዘንጋቸው ወደዚህ ያህል ዝቅታ ሲወርድ ሚዛን የሚጠብቀው የብረት ክብደት ከማቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል። ለምድር ወገብ ጎረቤቶች የተረፈው ዘዴ ፖላሪስን ረስቶ ሌሎቹን ከዋክብት መጠየቅ ነው፤ አንዱን ኮከብ ደቡብ ላይ ከፍ ብሎ ሳለ፣ ሌላውን ምሥራቅ ላይ ዝቅ ብሎ ሳለ በካሜራው እየተከታተሉ፣ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲንሸራተት ማቆሚያውን በጥቂቱ መግፋት፣ ከዚያ እንደገና መጠበቅ፣ እንደገና መግፋት። ይህ ሥራ በለመደ እጅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ባልለመደ እጅ ኦሪዮን ይጠልቃል።

በዚህ የሚበሳጭ ሰው የቀደሙትን ማሰብ ይችላል። የመጀመሪያውን የኔቡላ ፎቶ ያነሣው አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ድሬፐር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1880 ይህንኑ የኦሪዮን ኔቡላ ለማንሳት 51 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው አንድሪው ኤንስሊ ኮመን በለንደን ዳርቻ በኢሊንግ፣ 91 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መስታወት፣ ዓይን አይቷቸው የማያውቃቸውን ከዋክብት ጭምር የያዘ ምስል አነሣና በ1884 የሮያል አስትሮኖሚካል ሶሳይቲን የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። ኮመን በሙያው የፍሳሽና የንጽሕና መሐንዲስ ነበር፤ የሰማይ ፎቶ ከጅምሩ የቀን ሥራ ያላቸው ሰዎች የሌሊት ሱስ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የዛሬው ሰው ከድሬፐር የሚለየው አንዱን ረጅም ምስል በብዙ አጫጭር ምስሎች መተካቱ ነው። እያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ የሚፈጁ ስልሳ ምስሎች ተነሥተው ዲፕ ስካይ ስታከር ወይም ሲሪል በሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ። ምክንያቱን ሽማግሌ ፊት ምስክር ሲሰማ የተቀመጠ ሰው ወዲያው ይረዳዋል፤ እያንዳንዱ ምስክር ከራሱ የጨመራት ነገር አለች፣ ግን አንዱ የጨመረው ከሌላው ስለማይገጥም ምስክሩ ሲበዛ ጭማሪው እርስ በርሱ ይጣፋና ሁሉም የተስማሙበት ብቻ ይቀራል። ካሜራም በእያንዳንዱ ምስል ላይ ከራሱ የሚጨምረው ጉርምርምታ፣ በሙያው ኖይዝ የሚባለው፣ አለ፤ ምስሎቹ መቶ ሲደርሱ የኔቡላው ምልክት ከጉርምርምታው አንጻር በአንዱ ምስል ላይ ከነበረው በዐሥር እጥፍ ይጎላል። በመቶኛው ምስክር ዐሥር እጥፍ ብቻ መገኘቱ የሚያሳዝን ሒሳብ ቢሆንም ሌላ ሒሳብ የለም።

ጉርምርምታው ሁሉ ግን በመደረብ አይጠፋም። ካሜራው በሙቀቱ ምክንያት ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚፈጥራቸውን ነጥቦች ለመለየት ሌንሱ ተከድኖ፣ በዚያው ሌሊት ቅዝቃዜ፣ ለዚያው ያህል ጊዜ የጨለማ ምስል ይነሣል። ዘበኛው ይህን ሲያይ «ክዳኑን ዘግተህ ምን ታነሳለህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ «ጨለማውን ነው ጋሼ» የሚለው መልስም ስለ ፎቶ አንሺው ጤንነት እስከዚያች ሰዓት የነበረውን ጥርጣሬ ያጸናዋል። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ የሌንሱን ጥላና በላዩ ያረፈ አቧራ ለማረም ወጥ በሆነ ነጭ ብርሃን ፊት ሌላ ዙር ይነሣል። ለዚህ ሥራ የሚሸጥ የመብራት ሰሌዳ አለ፤ ሆኖም በሌንሱ አፍ ላይ ሁለት እጥፍ ተደርጎ፣ በብር ማሰሪያ ላስቲክ ተወጥሮ የታሰረ ንጹሕ ነጠላ እኩል ይሠራል። መጨማደድ የለበትም፣ ጥለቱም ወደ መሐል እንዳይገባ ያስፈልጋል፤ አረንጓዴና ቀይ ጥለት በሌንሱ ፊት ካለፈ ኔቡላው በቀኝ ጎኑ የበዓል ልብስ ለብሶ ይወጣል። የነጠላዋ ባለቤት በዚያ ሰዓት ለቅዳሴ ስትፈልጋት የሚሆነው ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ነው።

ጤዛው ግን በቀልድ አይታለፍም። ጥርት ባለ ሌሊት መሬትና መሬት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፣ ብርጭቆም ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ ስለሚቆም ቶሎ ይረጥባል። ደን የሚተነፍሰው እርጥበት ባለበት አገር ሌንሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማላብ ይጀምራል፤ ፎቶ አንሺው ግን ይህን የሚያውቀው አልፎ አልፎ ነው፤ ካሜራው በራሱ እያነሣ ሲቀጥል እርሱ ከዘበኛው እሳት ዳር ቡና እየጠጣ ነውና። በሌንሱ አንገት ላይ የሚጠመጠም፣ በባትሪ የሚሞቅ መቀነት ይህን ይከላከላል። ላስቲክ ማልበስ ለቡናው ቢሠራም ለሌንስ እንደማይሆን ለዘበኛው ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ደግ ዘበኛ ፎቶ አንሺው ሸለብ ባለው ጊዜ መሣሪያውን ሊያለብስለት ይችላልና።

ይህ ሁሉ አልፎ ምስሉ ሲወጣ ሌላ ፈተና ይመጣል። ኔቡላው በዓይን ሲታይ አመድማ ጭጋግ ነው፤ ቀለም የሚለየው የዓይን ክፍል በደብዛዛ ብርሃን ስለማይሠራ ሰው በአብዛኛው በቴሌስኮፕም ቢሆን ያንን ቀይ አያየውም። ካሜራው ግን ሃይድሮጅን በ656 ናኖሜትር የሚያወጣውን ጥልቅ ቀይ ያጠራቅማል፤ ፋብሪካው የሰው ፊት እንዳይቀላ ብሎ ከውስጥ ያስገባው ማጣሪያ አብዛኛውን ስለሚያስቀር አንዳንዶች ካሜራቸውን ፈትተው ማጣሪያውን ያስወጣሉ። በመሐሉ ትራፔዚየም የሚባሉት አራት ከዋክብት ጋዙን በጨረራቸው የሚያበሩት ሲሆኑ፣ ቦታው ከመብራቱ ብዛት ነጭ ሆኖ እንዳይነድ ለእርሱ ብቻ አጠር ያሉ ምስሎች ተነሥተው ይዋሐዳሉ። እንዲህ ተደክሞበት የተገኘው ምስል በሻይ ቤት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የመጀመሪያው ተመልካች «ከጉግል ነው ያወረድከው» ይላል፣ ሁለተኛው ደግሞ የዘመኑ ሰው በመሆኑ «ኤአይ ነው» ብሎ ያርመዋል። ስለ ምስሉ እውነተኛነት ሊመሰክር የሚችለው ብቸኛው ሰው ዘበኛው ነው፤ እርሱም የሚመሰክረው ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ክዳን ሲያነሣ ማደሩን ነው።

የወቅቱ አጭርነት ሳይጠቀስ አይታለፍም። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል፣ ላጉን የሚባለውን ኔቡላ ጨምሮ፣ በሌሊቱ እኩሌታ ከፍተኛ ቦታው ላይ የሚሆነው በሰኔ አጋማሽ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ኢሉባቦር ላይ ሰማይ መኖሩም በእምነት የሚያዝ ነገር ነው። ዝናቡ ካልቀደመ በመጋቢት፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ሊያዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁዳዴ ስለሆነ መንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄዱ ሰዎች የተሞላ ነው፣ ሁሉም በየእጁ ባትሪ ይዟል። እንግዲህ የኖፓ ፎቶ አንሺ ዋና ሀብቱ የታኅሣሥና የጥር ኦሪዮን ብቻ ነው።

ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው። ካሜራ ያለው ሰው በዚህ ወር ቅዳሜና እሑድ የራሱ አይደለም፤ ኔቡላው አናት ላይ በሚደርስበት ከምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት እርሱ ድንኳን ውስጥ ኬክ ሲቆረስ ማንሳት ይጠበቅበታል፣ የማቆሚያው ዕዳም የሚከፈለው በዚሁ ኬክ ነው። መላ የሌለው ነገር የለምና፣ ቀን ለመቁረጥ የሚመጡ ሙሽሮችን ሰርጋቸውን ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ቅዳሜ እንዲያደርጉ አጥብቆ ይመክራል። የሙሽሪት እናት ምክንያቱን ስትጠይቀው ጨረቃ ለሙሽራ ፊት እንደምትስማማ ያስረዳታል፣ እርሷም ልጁ ሥራውን የሚያውቅ፣ ጨዋ ነው ብላ ቀብድ ትከፍላለች።